መታጠቢያ ቤት ለማደስ፦ ፈቃድ መቼ ያስፈልጋል? ሥራውስ በምን ቅደም ተከተል ይሠራል?

«መታጠቢያ ቤቴን ላድስ አስቤያለሁ፤ የግንባታ ፈቃድ ማውጣት ይኖርብኛል ወይስ ዝም ብዬ ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልኛል። ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው ሴራሚኩ ከፈረሰ፣ ቧንቧው ከተቆረጠና ቤተሰቡ በጎረቤት ቤት መታጠብ ከጀመረ በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በተናጠል ከመመለስ ይልቅ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ።

አጭሩ መልስ የሚከተለው ነው። ከሴራሚኩ ፊት ያለውን ብቻ የሚቀይር ሰው በአብዛኛው ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ከሴራሚኩ ጀርባ ወይም ከወለሉ ሥር ያለውን የሚነካ ሰው ግን በአብዛኛው ያስፈልገዋል። «በአብዛኛው» ያልኩት ደንቡ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ልኬቶች በብዙ የግንባታ ደንቦች የተለመዱ ናቸው፤ የአካባቢዎ ደንብ ከእነዚህ የጠበቀ ቁጥር ካስቀመጠ የሚሠራው የአካባቢዎ ደንብ ነው።

ደረጃ 1፦ ሥራውን በሁለት ዝርዝር ይክፈሉ

አንድ ወረቀት ወስደው መሃሉን በመስመር ይክፈሉ። በአንዱ በኩል ሥራው ሲያልቅ በዓይን የሚታየውን ሁሉ፣ በሌላው በኩል ተሸፍኖ የሚቀረውን ሁሉ ይጻፉ። ቀለም መቀባት፣ መስታወትና ቁም ሳጥን መስቀል፣ የውኃ መክፈቻ መለወጥ፣ የሽንት ቤት መቀመጫውን በነበረበት ቦታ በአዲስ መተካት በመጀመሪያው ዝርዝር ይገባሉ። የሽንት ቤት መቀመጫውን ወይም ሻወሩን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር፣ አዲስ የፍሳሽ መስመር መቅበር፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት፣ ግድግዳ ማፍረስ፣ መስኮት መክፈት ወይም ማስፋት፣ ተራ ክፍልን ወደ መታጠቢያ ቤት መለወጥ ደግሞ በሁለተኛው ዝርዝር ይገባሉ።

ይህ ክፍፍል አስፈላጊ የሆነው የፈቃድ ሥርዓቱ ራሱ በዚሁ መስመር ስለሚሄድ ነው። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሚልከው መርማሪ የሴራሚኩን ቀለም ሊያይ አይመጣም፤ የሚያየው ፍሳሹ በትክክል መውረዱን፣ የፍሳሽ ጋዝ ወደ ቤት አለመግባቱን፣ ኤሌክትሪኩ ከውኃ መራቁንና የተነካው ግድግዳ የሕንፃውን ክብደት የማይሸከም መሆኑን ነው። ሁለተኛው ዝርዝር ባዶ ከሆነ ሥራው ዕድሳት ብቻ ነውና በአብዛኛው ቦታ ያለ ፈቃድ ይሠራል። አንድ መስመር እንኳ ካለበት ግን ወደ ደረጃ 2 ሳይሄዱ መዶሻ አያንሡ።

ከሁለቱ ዝርዝሮች በየትኛው እንደሚገቡ የሚያከራክሩ ሥራዎችም አሉ። ቦይለርን በነበረበት ቦታ በሌላ ቦይለር መተካት ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ዕቃው ግፊትና ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ወይም ጋዝ ስላለበት ፈቃድ የሚጠይቁ ቦታዎች ጥቂት አይደሉም። የወለል ሴራሚክ መቀየርም ከሥሩ ያለውን ውኃ ተከላካይ ሽፋን የሚያነሣ ከሆነ፣ በተለይ በጋራ ሕንፃ ውስጥ፣ የታችኛውን ቤት የሚነካ ሥራ ይሆናል። የሚያጠራጥረውን ሁሉ በሁለተኛው ዝርዝር ይጻፉት።

ደረጃ 2፦ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ

«ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ?» ብለው በጥቅሉ ከጠየቁ በጥቅሉ ይመለስልዎታል። ሁለተኛውን ዝርዝር ይዘው ይሂዱና ለእያንዳንዱ መስመር የሚከተሉትን ይጠይቁ።

1. ይህ ሥራ ፈቃድ ይጠይቃል ወይስ ማሳወቅ ብቻ ይበቃል?
2. ለቧንቧና ለኤሌክትሪክ የተለየ ፈቃድ አለ ወይስ ሁሉም በአንድ ፈቃድ ይጠቃለላል?
3. ሥራውን የግድ የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው መሥራት አለበት ወይስ ባለቤቱ ራሱ ሊሠራው ይችላል?
4. ምርመራው ስንት ጊዜ ነው? መርማሪውን ስንት ቀን አስቀድሜ ልጥራ?
5. ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ሥራው በምን ያህል ጊዜ መጀመርና ማለቅ አለበት?

መልሱን ያገኙት በቃል ከሆነ ቀኑንና የነገረዎትን ሰው የሥራ ኃላፊነት ጽፈው ያስቀምጡ፤ ከተቻለም ያንኑ በደብዳቤ ወይም በኢሜይል እንዲያረጋግጡልዎ ይጠይቁ። ለማመልከቻው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጉት የባለቤትነት ማረጋገጫ፣ አሁን ያለውንና የሚታሰበውን አቀማመጥ የሚያሳዩ ሁለት ንድፎች፣ የሥራው ዝርዝር እንዲሁም የባለሙያዎቹ የሙያ ፈቃድ ናቸው።

በጋራ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ ሌላም ፈቃድ አለ፤ እርሱም የነዋሪዎች ማኅበሩ ወይም የሕንፃው አስተዳደር ስምምነት ነው። ቀጥ ብሎ ከፎቅ ወደ ምድር የሚወርደው የፍሳሽ ቱቦ፣ የወለሉ ኮንክሪትና ዋናው የውኃ መስመር ብዙ ጊዜ የጋራ ንብረት ስለሆኑ የመንግሥት ፈቃድ ቢኖርዎትም ያለ ማኅበሩ ስምምነት ሊነኳቸው አይችሉም። ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ማመልከቻው ላይ መፈረም ያለበት በአብዛኛው አከራዩ ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* ኮንትራክተሩ «ይህን ያህል ዓመት ስሠራ ማንም ፈቃድ ጠይቆኝ አያውቅም» ካለ የነገረዎት ስለ ራሱ ልማድ ነው፤ ደንቡ ምን እንደሚል ገና አልነገረዎትም። «ፈቃዱን በእርስዎ ስም ያውጡት» ካለም ምክንያቱን ይጠይቁ። በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ ስለ ሥራው ትክክለኛነት የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ፈቃዱን ያወጣው ሰው ነው፤ «በእርስዎ ስም ያውጡት» የሚለው ጥያቄም የሙያ ፈቃድ በሌለው ሰው ዘንድ የተለመደ ነው።

ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ሥራ የማስቆም ትእዛዝና መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። ከመቀጮው ይልቅ ኪስ የሚጎዳው ግን የተሸፈነውን እንዲገልጡ መታዘዝ ነው፤ መርማሪው በሴራሚክ ውስጥ ማየት ስለማይችል አዲሱ ግድግዳ ይፈርሳል። ከዚያም በኋላ ውኃ አፍስሶ ጉዳት ቢደርስ የመድን ድርጅቱ ካሳ አልከፍልም ሊል ይችላል፤ ቤቱ ሲሸጥም በሰነድ ያልተመዘገበ ሥራ ገዢውን ያስጠረጥራል።

ደረጃ 3፦ ለክተው ይንደፉ

ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ በሁለቱም ሰያፎች ይለኩ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ክፍሉ ጠማማ ነው፤ ይህን አሁን ካላወቁ ሴራሚኩ ጥግ ላይ ሲደርስ ያሳውቅዎታል። ከሽንት ቤት መቀመጫው መሃል እስከ ግራና ቀኝ ግድግዳ ወይም ዕቃ ድረስ ቢያንስ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊቱ ደግሞ ቢያንስ 53 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፤ 60 ቢሆን ይመረጣል። ሻወሩ ከ76 በ76 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሰው ጎንበስ ሲል ግድግዳ ይገጨዋል።

ሰዎች ብዙ የሚበሳጩት የሽንት ቤት መቀመጫውን ቦታ ለመቀየር ሲሞክሩ ነውና በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የፍሳሽ ቱቦ በራሱ ክብደት ብቻ ስለሚፈስ ለእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። መቀመጫውን ከቀጥታ ወራጁ ቱቦ 2 ሜትር ቢያርቁት ለተዳፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ለቱቦው ውፍረት ደግሞ 11 ሴንቲ ሜትር፣ በድምሩ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከወለሉ ሥር ያስፈልግዎታል፤ ይህም የመታጠፊያውን ቁመት ሳይጨምር ነው። ይህ ጥልቀት ከሌለ ያለዎት ምርጫ ወለሉን ከፍ ማድረግ ወይም ሐሳቡን መተው ነው። ወለሉን ከፍ ማድረግም የራሱ መዘዝ አለው፤ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶና አሸዋ ስክሪድ (ከሴራሚኩ ሥር የሚነጠፈው የወለል ሙሊት) በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን 4 ካሬ ሜትር በሆነች ጠባብ ክፍል ላይ እንኳ 400 ኪሎ ግራም ይጨምራል። ስለዚህ እንደ እኔ እንደ እኔ የሽንት ቤት መቀመጫውን ባለበት ትቶ ሌሎቹን ማንቀሳቀስ ከሁሉ ይሻላል፤ የእጅ መታጠቢያ ቱቦ ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይታዘዛል።

ደረጃ 4፦ ዕቃው ሁሉ ሳይሟላ ማፍረስ አይጀምሩ

የሻወር ማደባለቂያው በእጅዎ ከሌለ ቧንቧው በምን ያህል ጥልቀት ግድግዳ ውስጥ እንደሚገባ ማወቅ አይቻልም። የመቀመጫው የፍሳሽ አፍ ከግድግዳው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚርቅም የሚታወቀው መቀመጫው ሲለካ ነው። «ሲመጣ እናስተካክለዋለን» ተብሎ የተተወ ዕቃ ሁሉ በኋላ ግድግዳ ያስፈርሳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦

- ለውኃ፦ የሙቅና የቀዝቃዛ ውኃ ቧንቧ ከነመገጣጠሚያው፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ መዝጊያ ቫልቭ፣ ግፊት መለኪያና ጊዜያዊ ታፖዎች
- ለፍሳሽ፦ ለመቀመጫው 110፣ ለሻወሩ 50፣ ለእጅ መታጠቢያው 40 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ፤ ሲፎኖች (ውኃ ይዘው የሚቀሩ ጎባጣ የፍሳሽ ቱቦዎች)፤ የወለል ፍሳሽ መቀበያ ከነወንፊቱ
- ለኤሌክትሪክ፦ ሽቦና የሽቦ ማስገቢያ ቱቦ፣ ውኃ የማያስገቡ መብራቶች፣ አየር ማውጫ ፋን፣ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ የፍንጣቂ መከላከያ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ የሚያጠፋ)
- ለወለልና ለግድግዳ፦ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ውኃ ተከላካይ ሽፋን ከነጥግ ማጠናከሪያ ጨርቁ፣ የሴራሚክ ማጣበቂያ፣ ሴራሚክ (ከስፋቱ 10 በመቶ ጨምረው፤ በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ 15 በመቶ)፣ የመጋጠሚያ መሙያ፣ ሻጋታ የሚቋቋም ሲሊኮን
- መሣሪያ፦ ውኃ ልክ፣ ሜትር፣ መዶሻና ስካርፔሎ፣ ሴራሚክ መቁረጫ፣ ጥርስ ያለው የማጣበቂያ ማንኪያ፣ ባልዲ
- ለራስዎ፦ የዓይን መነጽር፣ ጓንት፣ ደቃቅ አቧራ የሚያስቀር የአፍንጫና አፍ መሸፈኛ

ሴራሚኩ ሁሉ አንድ የምርት ቁጥር ያለው መሆኑን ካርቶኑ ላይ ያረጋግጡ፤ በተለያየ ጊዜ የተመረተ አንድ ዓይነት ሴራሚክ ቀለሙ ይለያያል።

ደረጃ 5፦ ያፍርሱ

ውኃውን ከዋናው ቫልቭ ይዝጉ፤ ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ አጥፍተው መጥፋቱን በመሞከሪያ ያረጋግጡ። የሽንት ቤት መቀመጫው እንደተነሣ የፍሳሹን አፍ በታፖ ይድፈኑት። ይህን የሚያደርጉት በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛ የፍሳሽ ጋዙ መጥፎ ሽታ ብቻ ሳይሆን ለጤናም ጎጂ ነው፤ ሁለተኛ ፍርስራሹ ቱቦው ውስጥ ከገባ አዲሱ መታጠቢያ ቤት በመጀመሪያው ቀን ይደፈናል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ሕንፃው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 በፊት የተሠራ ከሆነ አሮጌው የፕላስቲክ ወለል፣ ማጣበቂያው፣ ቆርቆሮ መሳይ የሲሚንቶ ሰሌዳ ወይም የቧንቧ መጠቅለያው አስቤስቶስ የሚባል ጭረት መሳይ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። አስቤስቶስ ሲሰበር የሚያበነው ብናኝ የሳንባ ካንሰር ያስከትላል። ከተጠራጠሩ አይስበሩ፣ አይፈግፍጉ፣ አይጥረጉ፤ ናሙናው በባለሙያ ተመርምሮ ውጤቱ እስኪታወቅ ሥራውን ያቁሙ።

ግድግዳ ለማፍረስ ካሰቡ ግድግዳው ጭነት ተሸካሚ አለመሆኑን መሐንዲስ ሳያረጋግጥ አይንኩት። በእጅ አንኳኩቶ መገመት ዘዴ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ቧንቧና ፍሳሽ ይዘርጉ

አግድም የሚሄዱ ቱቦዎች በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለታቸውን በውኃ ልክ ያረጋግጡ። ተዳፋቱ ካነሰ ውኃው ያዘግምና ቆሻሻው ይረጋል። እያንዳንዱ ዕቃ ሲፎን ሊኖረው ይገባል፤ በሲፎኑ ጉልበት ውስጥ ሁልጊዜ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይቀራል፤ የፍሳሽ ጋዙን ከቤት የሚያግደውም ይህ ውኃ ብቻ ነው።

ውኃው በቦታው እንዲቆይ ደግሞ የአየር ቱቦ ያስፈልጋል። ከመቀመጫው የተለቀቀ ውኃ ቱቦውን ሞልቶ ሲወርድ ከኋላው አየር ይስባል፤ አየሩን ከጣሪያ በላይ ከወጣ ቱቦ ካላገኘ ከእጅ መታጠቢያው ወይም ከሻወሩ ሲፎን ይስበዋል፤ ያን ጊዜ የሲፎኑ ውኃ አብሮ ይሄዳል። «አዲስ ነው፤ ግን ይሸታል» የሚባለው መታጠቢያ ቤት ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው። ሽታውን በሽቶና በኬሚካል ለማጥፋት የሚደረገው ጥረት ሁሉ ከንቱ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የመዳብና የብረት ቧንቧ በቀጥታ አያገናኙ፤ ሁለቱ ብረቶች በውኃ ውስጥ ሲነካኩ ብረቱ ቶሎ ይበላል። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር መገጣጠሚያም በተቻለ መጠን ይቀንሱ።

ደረጃ 7፦ ኤሌክትሪክና አየር

ይህን ሥራ ለባለሙያ ይስጡ፤ የእርስዎ ድርሻ የሚከተሉትን መጠየቅና ማየት ነው። ከባኞው ወይም ከሻወሩ ጠርዝ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ተራ ሶኬት አይገጠምም። በዚህ ክልል የሚገጠም መብራት ረጭ የሚል ውኃን የሚቋቋም መሆን አለበት፤ ዕቃው ላይ አይፒ 44 ወይም ከዚያ በላይ ተጽፎ ይገኛል። የመታጠቢያ ቤቱ መስመር ሁሉ በ30 ሚሊ አምፒር የፍንጣቂ መከላከያ ብሬከር ሥር ይሁን፤ ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ከቃጠሎ ነው፤ በእርጥብ ገላ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እርሱን ለማጥፋት አይበቃም። የመሬት መስመር የሌለው ቦይለር ከቶ አያስገጥሙ።

አየር ማውጫው ፋን በሰዓት 90 ሜትር ኩብ ያህል ማውጣት የሚችል ይሁን፤ ቱቦውም እስከ ውጭ ይድረስ። ጣሪያና ኮርኒስ መካከል የተተወ ቱቦ እንፋሎቱን ወደ እንጨቱ ያስተላልፋል እንጂ አያስወግደውም። በሩ ከሥሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍት ካልሆነ ፋኑ የሚስበው አየር አያገኝም።

ደረጃ 8፦ ከመሸፈኑ በፊት ይፈትሹ፣ ያስመርምሩ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ ንገረኝ የሚለኝ ቢኖር ይህን እነግረዋለሁ። የቧንቧዎቹን አፍ በታፖ ዘግተው ከሥራ ግፊቱ 1.5 እጥፍ ግፊት ይስጧቸው፤ መለኪያው ለአንድ ሰዓት ሳይወርድ ይቆይ። የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ዛሬ በመፍቻ ይጠብቃል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሴራሚክ ተሰብሮ ነው የሚገኘው። የፍሳሽ ቱቦዎቹንም ከሥር ዘግተው ውኃ ሞልተው ይመልከቱ።

ቀጥሎ ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን ግድግዳና ወለሉን ፎቶ ያንሡ። ከዓመታት በኋላ መስታወት ለመስቀል ግድግዳ ሲበሱ ቧንቧው የት እንዳለ የሚነግርዎት ይህ ፎቶ ነው። ፈቃድ አውጥተው ከሆነ መርማሪው መጥቶ ሳይፈርም ልስን አይጀመር። ሠራተኞቹ «ጊዜ እየባከነ ነው» ብለው ቢያጣድፉዎትም ይጠብቁ፤ መርማሪውን ቧንቧው ሊያልቅ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው አስቀድመው ከጠሩት የሚባክነው ጊዜ ትንሽ ነው።

ደረጃ 9፦ የወለሉን ተዳፋት ያውጡ

የሻወሩ ወለል ወደ ፍሳሽ መቀበያው በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ተዳፋቱ የሚወጣው በስክሪዱ ነው፤ በሴራሚክ ማጣበቂያ ውፍረት ለማስተካከል የሚሞክር ሠራተኛ ካዩ ያስቁሙት። የእኔ ቤት የመጀመሪያ ወለል እንዲህ ተሠርቶ ውኃው መቀበያውን ትቶ በር ሥር ይጠራቀም ነበር፤ መፍትሔው ወለሉን በሙሉ ማንሣት ሆነ። በመጨረሻ ሴራሚኩ ሲነጠፍ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ከመተላለፊያው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አስቀድመው ያስሉ።

ስክሪዱ በቂ ጊዜ አግኝቶ ይጠንክርና ይድረቅ። ተራ ሲሚንቶ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ቶሎ የሚደርቅ ምርት ከተጠቀሙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ይከተሉ።

ደረጃ 10፦ ውኃ ተከላካዩን ይቀቡና ውኃ ሞልተው ይፈትኑ

ሴራሚክም ሆነ የመጋጠሚያ መሙያው ውኃ አያግድም። ውኃ በመጋጠሚያዎቹ ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ የሚያቆመው ከሥር ያለው ሽፋን ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው «ሴራሚክ አለ አይደል፤ ሽፋኑ ለምን?» ብሎ ገንዘብ ይቆጥብና የታችኛውን ቤት ጣሪያ ያበሰብሳል።

በመጀመሪያ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበትን ጥግ፣ የግድግዳዎቹን ማዕዘንና ቧንቧ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሁሉ በማጠናከሪያ ጨርቅ ይሸፍኑ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከእነዚህ ቦታዎች ነው። ከዚያ ሽፋኑን ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር በተሻጋሪ አቅጣጫ ይሁን፤ እንዲህ ሲሆን አንዱ የሳተውን ሌላው ይሸፍናል። በሻወሩ ግድግዳ ላይ ቢያንስ 1.8 ሜትር፣ በሌሎቹ ግድግዳዎች ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከወለል ፍሳሽ መቀበያው ከንፈር ጋር በደንብ መያያዙን ልዩ ትኩረት ሰጥተው ይመልከቱ።

ሽፋኑ ከደረቀ በኋላ የፍሳሹን አፍ ዘግተው፣ በር ላይ ጊዜያዊ ግርዶሽ ሠርተው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ይሙሉ፤ የውኃውን ከፍታ በእርሳስ ምልክት አድርገው 24 ሰዓት ይተዉት። በማግሥቱ ምልክቱንም የታችኛውን ጣሪያም ይመልከቱ። ለታችኛው ጎረቤት አስቀድመው መንገር አክብሮት ብቻ ሳይሆን ጥቅምም አለው፤ ጠብታውን መጀመሪያ የሚያየው እርሱ ነው። በብዙ ቦታ ይህ ሙከራ ራሱ መርማሪ የሚገኝበት የምርመራ ደረጃ ነው።

ደረጃ 11፦ ሴራሚክ ያንጥፉ

ለወለል የተወለወለና የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አይምረጡ፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። በሻወሩ ውስጥ መቀበያው መሃል ላይ ከሆነ ከአራቱም አቅጣጫ የሚመጣውን ተዳፋት የሚከተሉት ትናንሽ ሴራሚኮች ናቸው፤ ትልልቅ ሴራሚክ የሚፈልግ ሰው በአንድ ጠርዝ የሚዘረጋ ረጅም መቀበያ ያስገጥም። ማጣበቂያው ከሴራሚኩ ጀርባ ቢያንስ 95 በመቶውን መሸፈን አለበት፤ በአራት ጥጉና በመሃሉ ጠብ ጠብ እያደረጉ መለጠፍ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ባዶው ቦታ ውኃ ያቁራል፤ ሴራሚኩም ይሰበራል። በየመሃሉ አንድ ሴራሚክ ገና ሳይጠነክር አንሥተው ጀርባውን ይመልከቱ።

የመጋጠሚያ መሙያው ከ24 ሰዓት በኋላ ይገባል። ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ጥግ ግን በሲሊኮን ይሞላል፤ ሁለቱ ገጽታዎች ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ጠንካራ መሙያ እዚያ መሰንጠቁ አይቀርም። የባኞውን ጠርዝ ሲሊኮን ከመቀባትዎ በፊት ባኞውን ውኃ ይሙሉት፤ በክብደቱ ዝቅ ብሎ ሳለ የተቀባ ሲሊኮን በኋላ አይገነጠልም።

ደረጃ 12፦ ዕቃውን ይግጠሙና ፈቃዱን ይዝጉ

የቦይለሩን የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ሳያስገጥሙ ኤሌክትሪክ አይስጡት፤ ያለ እርሱ ቦይለር ሊፈነዳ ይችላል። በቦይለሩ ውስጥ ያለው ውኃ ባክቴሪያ እንዳይራባበት ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ ይህ ሙቀት ግን በጥቂት ሰከንድ ገላ ስለሚያቃጥል ወደ ሻወሩ የሚሄደው ከ49 ዲግሪ እንዳይበልጥ ማደባለቂያ ቫልቭ ያስገጥሙ፤ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት ይህ ግዴታ ነው ብለው ይያዙት። የሻወር መስታወት የደኅንነት መስታወት መሆኑን የሚገልጸውን ማኅተም ጥጉ ላይ ይፈልጉ።

ከዚያ መርማሪውን ለመጨረሻ ጊዜ ይጥሩ። ብዙ ሰዎች ክፍሉ አምሮ ሲያዩት ይህን ይረሱታል፤ የማጠቃለያ ፊርማ ያላገኘ ፈቃድ ደግሞ በመዝገቡ ላይ እንደተከፈተ ይቀራል። ለኮንትራክተሩ የሚከፈለውን የመጨረሻ ክፍያም እስከዚህ ፊርማ ድረስ ያቆዩት፤ ይህን በውሉ ላይ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያስገቡት።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- በአሮጌ ሴራሚክ ላይ አዲስ መለጠፍ። ክብደት ይጨምራል፣ ወለሉን ከመተላለፊያው በላይ ያደርገዋል፣ ከሥር ያለውን ያረጀ ሽፋንም እንዳለ ይተወዋል።
- ለሻወር ግድግዳ ተራ ጅብሰም ሰሌዳ መጠቀም። እርጥበት ሲያገኘው ይፈርሳል፤ የሲሚንቶ ሰሌዳ ወይም የሲሚንቶ ልስን ይጠቀሙ።
- የሻወር ቫልቭን ወይም ሲፎንን ሊከፈት በማይችልበት ቦታ መቅበር።
- በቤቱ ያለውን ብቸኛ መታጠቢያ ቤት ያለ ተተኪ ማፍረስ። ማድረቂያ ቀናቱ ብቻ ሲደመሩ ሳምንታት ይሆናሉ።
- የተጨማሪ ወጪ ገንዘብ አለመያዝ። ግድግዳ ሲከፈት የበሰበሰ ቧንቧ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ሥራው ያለ ፈቃድ ተጀምሮ ወይም አልቆ ከሆነ

ሥራው ገና ካልተሸፈነ አሁኑኑ ያቁሙትና ባለበት ሁኔታ ያመልክቱ፤ መርማሪው ሊያይ የሚፈልገው ሁሉ ክፍት ስለሆነ ከዚህ የሚመች ጊዜ የለም። ከተሸፈነ ግን ያነሷቸውን ፎቶዎች፣ የዕቃ ደረሰኞችንና የባለሙያዎቹን የሥራ ውል ሰብስበው መሥሪያ ቤቱ ለተጠናቀቀ ሥራ ፈቃድ የሚሰጥበት አሠራር እንዳለው ይጠይቁ፤ በብዙ ቦታ አለ፤ ክፍያው ግን ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ከፍ ይላል። መርማሪው ጥቂት ቦታ እንዲከፈት ቢጠይቅ ከሻወሩ ርቆ፣ ከእጅ መታጠቢያው ቁም ሳጥን ጀርባ ያለውን ግድግዳ መክፈት ይበቃ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ቱቦውና ሽቦው እዚያ የሚታይ ከሆነና ውኃ ተከላካይ ሽፋኑ ካልተነካ የሚጠገነው ሁለት ሦስት ሴራሚክ ብቻ ይሆናል። ለዚህ ጊዜ የሚሆን ከአንድ የምርት ቁጥር የተረፈ አንድ ካርቶን ሴራሚክ ከጣሉት የትም አያገኙትምና አስቀምጡት።